የተቃናው ክንድ

«እጄን ማን አቃናው ነው የምልህ!»

«አትጩኺ፤ ጎረቤት አለ።»

«ጎረቤት ይስማ! እንዲያውም ጥራቸው። ጥራና ይህ የማን እጅ ነው ብለህ ጠይቃቸው። የእኔ ነው? ንገረኛ! ስንት ዓመት ስታየው የኖርከው እጅ ይሄ ነው?»

ቀራጺው የብየዳ ጓንቱን አውልቆ አንዱን በአንዱ ውስጥ ሲከት ሲያወጣ ቆየ። እህቱን በስድስት ዓመት ይበልጣታል፤ ስትቆጣ ግን ታናሽ የሚሆነው እሱ ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዲህ ነበር። እሷ ከሥራዋ በቀጥታ ስለመጣች ነጩን የወጌሻ ጋውን እንኳ አላወለቀችም። የጋውኑ ኪስ በፋሻ ጥቅል አብጧል።

በሁለቱ መካከል የብረቷ ሯጭ ቆማለች። ቁመቷ ሁለት ሜትር ተኩል ይሆናል፤ የተሠራችውም ለቤት ግንባታ ከሚውለው ፌሮ ነው። ሥጋ የላትም፤ ፊት የላትም፤ መስመር ብቻ ናት። በግራ እግሯ አውራ ጣት ብቻ መሬቱን ነክታ ቀኝ ጉልበቷን ወደ ፊት ሰቅላለች። ከቁርጭምጭሚቷ፣ ከጉልበቷ፣ ከትከሻዋ፣ ከእጆቿ አንጓ ቀጫጭን ብረቶች ወደ ኋላ ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ብረት ያ መገጣጠሚያ በአየር ላይ ያለፈበትን መንገድ ተከትሎ ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ይጠማዘዛል። ቀራጺው አሥራ አራት ወር ደክሞባታል። ከአራት ቀን በኋላ በአዲሱ የስፖርት ማዕከል መግቢያ አዳራሽ ውስጥ ትቆማለች።

ሁሉ ነገሯ የእህቱ ነው። የአንገቷ ማቀርቀር፣ የግራ ትከሻዋ ዝቅ ማለት፣ ተረከዟ ወደ ውስጥ መግባቱ ሁሉ የእሷ ነው። ቀኝ ክንዷ ግን የእሷ አይደለም። ክርኑ ከጎኗ ተለጥፎ፣ በማሠልጠኛ መጽሐፍ ላይ እንዳለ ሥዕል ልክ ታጥፎ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ሄዷል።

«ከባድ ነበር» አለ በመጨረሻ። «እጁ ወደ ውጭ ሲወጣ ሚዛን አሳጣት። ሰው ላይ ብትወድቅስ?»

«ስለዚህ ቆረጥከው።»

«አስተካከልኩት።»

«አስተካከልኩት!» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ጥርስ ብቻ ነበር። «እሱም እንዲሁ ነበር የሚለው።»

እሱ ያለችው የድሮ አሰልጣኟን ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ አራት መቶ ሜትር ስትሮጥ ቀኝ ክርኗ እንደ ክንፍ ወደ ውጭ ይወጣ፣ እጇም ደረቷን አቋርጦ ይመለስ ነበር። ተመልካቹ «ባለ አንድ ክንፏ» እያለ ይጮህላት ነበር። ግራ እግሯ ከቀኙ በአንድ ጣት ውፍረት ያጥራል። ይህን የምታውቀው እናቷ ብቻ ነበረች፤ ቀሚሷን ስትሰፋላት ጫፉን በዚያ በኩል ከፍ አድርጋ ትጠልፈው ነበር። አሰልጣኙ እግሩን አላየም፤ ያየው እጁን ነው። ክንዷን በብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ከጎድኗ ጋር አስሮ ሁለት ዓመት አስሮጣት። እጁ ቀና። በሦስተኛው ዓመት፣ በመጨረሻው ማጠፊያ ላይ፣ የግራ ዳሌዋ ተሰነጠቀ፤ ሐኪሞቹ አንድ ብረትና አምስት ብሎን አስገቡበት። ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ሌሎች የሚሮጡበትን እግር ማሸት ሆነ። እሷ ራሷ አንድም ቀን አልሮጠችም፤ ወንድሟ እስኪለምናት ድረስ።

ባለፈው ዓመት አንድ አሮጌ መጋዘን ተውሶ መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ሸፈነ። በእህቱ አንጓዎች፣ ክርኖች፣ ጉልበቶችና ቁርጭምጭሚቶች ላይ ትንንሽ አምፖሎች በፕላስተር ለጠፈ። የካሜራውን ዓይን ከፍቶ ይተውና «ሃያ እርምጃ ብቻ፣ እታለም» ይላታል። ሃያ እርምጃ ትሮጣለች። «አንድ ጊዜ ብቻ ድገሚልኝ።» ትደግማለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ስትወጣ እየሄደች ሮጠችለት። ቤቷ ስትገባ ዳሌዋ ላይ በረዶ አድርጋ ትጋደማለች፤ ራሷን ለማሸት እጇ አይደርስላትም።

ፎቶዎቹ ሲታተሙ ሰው አልነበረባቸውም፤ በጨለማ ላይ የብርሃን መስመር ብቻ። ከሁሉም የሚያምረው የቀኝ እጇ መስመር ነበር፤ ላስቲኩ ከተፈታ ወዲህ ወደ ድሮው ተመልሶ፣ ወደ ጎን ሰፍቶ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ ደረቷን አቋርጦ፣ እንደገና ይሰፋል። አንዱን ፎቶ አንሥታ ወደ መብራቱ አስጠጋችው።

«ይሄ ጥፋት ይመስላል?» አለችው።

«ይሄ? ይሄማ የሥራው ልብ ነው። በዚህ እጅ እምላለሁ፣ ማንም አይነካውም።»

አሁን ያንን አስታወሰችው። «በዚህ እጅ ምለህልኛል። ሰው በማለበት እጅ ላይ መጋዝ ያነሣል?»

«ነገርኩሽ እኮ፤ ትወድቅ ነበር።»

ከኦክስጅን ሲሊንደሮቹ ኋላ ተቀምጦ የተወሳሰበ ሽቦ የሚያፍታታው በያጅ እስካሁን ድምፁን አጥፍቶ ነበር። ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው ነው። የወንድምና የእህት ጸብ ውስጥ መግባት አይወድም፤ በሥራው ላይ ሲዋሽበት ግን ዝም አይልም።

«ይቅርታ ልጄ፣ በመሀል ልግባና፣ ይሄ ትወድቅ ነበር የሚባለው ነገር ልክ አይደለም።»

«ጋሼ፣ አንተ ደግሞ ሥራህን ሥራ።»

«ሥራዬን እኮ ነው የምናገረው! እኔ የበየድኩት ነገር ወደቀ ሲባል ዝም ልበል?» ሽቦውን ወረወረው። «ያለ ምንም ድጋፍ አራት ቀን ቆማለች። በአንድ እግር ጣት! ድመቷ ትከሻዋ ላይ ወጥታ፣ ተኝታ፣ ተነሥታ ወርዳለች። ነፋሱ የበረታ ቀን ትልቁን በር ከፍተን ሞክረናታል፤ ንቅንቅ አላለችም። የወደቀችው እጇን የቆረጥነው ዕለት ነው። ወደ ግራ። እግሬን ለጥቂት ነው የሳተችው።»

ወጌሻዋ ወንድሟን ትታ በብረቷ ሯጭ ዙሪያ ሄደች። ከኋላ በኩል ስትደርስ ቆመች። የትንሽ ጣት ውፍረት ያለው ዘንግ ከወለሉ ተነሥቶ የሯጯ የግራ ዳሌ ላይ ተበይዷል፤ ከሚቆምበት አዳራሽ ግድግዳ ጋር እንዲመሳሰል ነጭ ተቀብቷል። ጣቷን አስነካችው። ቀለሙ ገና አልደረቀም።

«ዳሌዬ ላይ» አለች።

«ሌላ የሚያዝበት ቦታ አልነበረም» አለ ወንድሟ። መጥፎ መልስ መሆኑ ከአፉ ሲወጣ ታወቀው።

«አዎ። ሐኪሞቹም እንዲሁ ነበር ያሉኝ።»

«ያቺ እጅ ጌጥ አልነበረችም፣ ልጄ» አለ በያጁ። «እኔ ሒሳብ አልተማርኩም፤ ግን ብረት ሳቆም ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ሰውነቷ ወደ ግራ ያዘነበለውን ሁሉ ያቺ እጅ ነበረች ወደ ቀኝ የምትመልሰው። እጇን ያዝክ ማለት፣ ክብደቱን በሙሉ እዚህ ጫንክ ማለት ነው።» በጣቱ የሯጯን ዳሌ መታ መታ አደረገ። ብረቱ አቃጨለ።

ወጌሻዋ በተገለበጠ የምስማር ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ሃያ ሁለት ዓመት ይህን በሰውነቷ ታውቀው ነበር። ማንም ግን በቃል ነግሯት አያውቅም፤ ሐኪሞቹ «ያጋጥማል» ብለዋት ነበር፤ አሰልጣኙም «ዕድል» ብሏት ነበር። አሁን ትምህርት ቤት ያልገባ በያጅ በአንድ ጣቱ መታ መታ አድርጎ ነገራት።

«ማን ነው ቁረጠው ያለህ?»

«የማዕከሉ ኮሚቴ።»

«ኮሚቴ ስም የለውም?»

ቀራጺው ጓንቱን እንደገና ማጥለቅ ጀመረ።

«ኧረ አንድ ረጅም ሽማግሌ ናቸው» አለ በያጁ። «አንገታቸው ላይ ፊሽካ ያንጠለጠሉ። ፊሽካ ይዞ ሐውልት ለማየት የሚመጣ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። ‹ወጣት በሚሠለጥንበት ቤት የተሳሳተ አሯሯጥ በር ላይ አይቆምም› አሉ። ከዚያ ክንዱን በመዳፋቸው እየለኩ፣ ‹ይህን እኔ ድሮ አቃንቼዋለሁ፤ ማን አጣመመው?› ብለው ተቆጡ። የምር ተቆጡ እኮ!»

ወጌሻዋ ቀስ ብላ ተነሣች። ከዚያ በኋላ አልጮኸችም፤ ወንድሟ ይህን ሲያይ ይበልጥ ፈራ።

«ታውቅ ነበር» አለችው። «ማታ ማታ ዳሌዬን የምታሸኝ አንተ ነበርክ። ከላስቲኩ በታች ያለውን ቁስል ቅባት የምትቀባኝ አንተ ነበርክ። ‹ነገ አትሂጂ› ብለህ ያለቀስከው አንተ ነበርክ። ማንም ባያውቅ አንተ ታውቅ ነበር።»

«ምን ላድርግ!» አሁን ጩኸቱ የእሱ ሆነ። «አሥራ ስድስት ዓመት! ግቢውን ተመልከቺው፤ የሠራሁት ሁሉ እዚያ ዝናብ ይበላዋል። የጎረቤት ዶሮ ነው የሚያየው! አንድ ጊዜ በር ተከፈተልኝ። በአንድ ክርን ልዝጋው? ሰው እንደሆነ ልዩነቱን አያውቀው!»

«እኔ አውቀዋለሁ።»

«አንቺ አንድ ሰው ነሽ።»

«የሠራኸውስ የስንት ሰው ምስል ነው?»

የጎረቤት ዶሮዋ እዚያ የቆመች ይመስል ሦስቱም ወደ ግቢው በር አዩ።

«መልሰው» አለችው።

«አራት ቀን ነው የቀረው። ደግሞ አይቀበሉትም፤ ፈርሜያለሁ።»

«እንግዲያው ስሜን አታስጠጋበት። የእኔ አይደለችም። የማንም ሴት ናት በል፤ የአሰልጣኙ ልጅ ናት በል፤ እኔ ግን አይደለሁም። ይህቺ ዳሌዋ የተሰበረው ሴት ናት፤ ከመሰበሯ ከሦስት ወር በፊት።»

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ። እሺ ማለትህን ጠግቤዋለሁ።»

«በእናታችን አጽም!» አለ። «ስምሽ አይጻፍም።»

የተቆረጠው ክንድ አልተጣለም ነበር፤ በያጁ ከበሩ ኋላ አቁሞታል። ከትከሻ እስከ እጅ አንጓ፣ ከአንጓውም የሚወጣው ሰፊ ጥምዝ ብረት ጭምር። እወስደዋለሁ አለች። ወንድሟ ላግዝሽ ሲል ገፋችው። በያጁ አንሥቶ ትከሻዋ ላይ አስተካከለላትና የሹሉን ጫፍ በጨርቅ ጠቀለለው።

መንገድ ላይ ሰው ገለል እያለ አሳለፋት። ብረቱ ከትከሻዋ ወደ ቀኝ ሰፍቶ ስለሚወጣ የእግረኛ መንገዱ ግማሽ የእሷ ሆነ። ታክሲ አልጫናትም። ጥግ ላይ ጫማ የሚጠርግ አንድ ጎልማሳ «እህት፣ የምን ቱቦ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«እጄ ነው።»

«እግዜር ይማርሽ» አለና ወደ ጫማው ተመለሰ።

ሠላሳ ደቂቃ ተሸክማው ሄደች። እግር ወደምታሽበት ክፍሏ ስትገባ አንድ ነገር ገረማት፤ ዳሌዋ ከወትሮው ያነሰ ነበር ያመማት።

*

የምርቃቱ ዕለት ረፋድ ላይ ከሥራዋ ከነጋውኗ ሄደች። መሄድ አልነበረባትም፤ የወንድሟን መሐላ በዓይኗ ለማየት ሄደች። የበያጁን ወሬ ስትጠይቅ «ልብስ የለኝም» ብሎ መቅረቱን ነገሯት። ባለፈው ወር የልጁ ሠርግ ላይ አዲስ ሱፍ ለብሶ አይታዋለች።

የብረቷ ሯጭ በነጩ ግድግዳ ፊት ቆማለች። ዘንጉ ከሩቅ አይታይም። ሰዎች ቀስ ብለው እየዞሩ፣ አንገታቸውን እያዘነበሉ፣ «በስመ አብ! በአንድ ጣት!» ይላሉ። ውብ ነበረች። ወጌሻዋን እጅግ ያናደዳት ይህ ነው፤ አስቀያሚ ብትሆን ኖሮ ይሻል ነበር።

የናስ ሰሌዳው አልደረሰም ተብሎ በወፍራም ወረቀት የታተመ መግለጫ ከመቆሚያው ላይ ተለጥፏል። ጎንበስ ብላ አነበበችው። «ፍጹም አሯሯጥ» ይላል። ከሥሩ የእሷ ሙሉ ስም፣ ከነአባቷ ከነአያቷ። ከዚያ ሥር «የአሯሯጥ ሥርዓቷ በአሰልጣኟ የታነጸ» የሚል አለ።

ቀና ስትል የወንድሟን ዓይን አገኘችው። አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከሁለት ባለሥልጣናት መካከል ቆሞ፣ ትከሻውን ትንሽ ሰበቀ፤ «እነሱ ናቸው» ማለቱ ነው። ሁልጊዜም እነሱ ናቸው።

አሰልጣኙ ወደ ድምፅ ማጉያው ወጣ። አርጅቷል፤ ቁመቱ ግን አልጎበጠም፤ ፊሽካው ከከረቫቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ይህችን እጅ አያችኋት?» አለ። «ስትመጣ እንዲህ አልነበረችም። እንደ ተሰበረ የዶሮ ክንፍ ነበር የምታወዛውዛት!» በክርኑ አሳየ። አዳራሹ ሳቀ። «ሁለት ዓመት አሰርኳት። ታለቅሳለች፤ እኔ አልራራሁም። ሌሊት ላስቲኩን ትፈታለች፤ ጠዋት መልሼ አስራለሁ። ማን እንዳሸነፈ ይኸው ብረቱ ይመስክር!» ጭብጨባ ሆነ። «የታለች ልጄ? መጥታለች? ኧረ አምጧት!»

አንዲት ባለ ኮፍያ ሴት በሁለት እጇ ገፋቻት። አሰልጣኙ ትከሻዋን አቀፈና ለሕዝቡ አዞራት። የአሮጌ ሰው ቅባት ይሸታል። ስትንቀጠቀጥ ተሰማው፤ ደስታ መሰለው።

«አሰልጣኝ» አለችው፣ ማጉያው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዳሌዬስ?»

ፊቱ ለአፍታ አልተለወጠም። አስታውሷል፤ ዓይኑ ውስጥ አየችው። ከዚያ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አባት ለልጁ እንደሚመክር፣ «ዳሌ ዕድል ነው፣ ልጄ። እጅ ግን ሥራ ነው» አላት። ጀርባዋንም መታ መታ አደረጋት።

ልትናገር አፏን ከፈተች። በዚህ መሀል ፎቶ አንሺው ደረሰ።

«ፎቶ! ፎቶ! ሁላችሁም ወደ ሐውልቱ! ክቡርነትዎ መሀል፤ አሰልጣኝ እዚህ፤ ቀራጺው ጎን።» ካሜራውን ከዓይኑ አንሥቶ አኮረፈ። «አይ፣ ያቺ ዘንግ ትታያለች። እህቴ፣ እርስዎ፣ አዎ እርስዎ፣ እዚህ ጋ ይቁሙልኝ። በግራ በኩል። ትንሽ ጠጋ... እንደዚያ! ይሸፍኑልኛል። በጣም ጥሩ።»

ጀርባዋ ላይ ዘንጉ ቀዘቀዛት። ካሜራው በራ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ከጎኗ አንዱ ባለሥልጣን ወንድሟን «እንዴት ነው ግን በአንድ ጣት የቆመችው?» ብሎ ጠየቀው።

«ሚዛን ነው፣ ክቡርነትዎ» አለ ወንድሟ። ድምፁ መጀመሪያ ላይ ተሰናክሎ ነበር፤ እየቀጠለ ሲሄድ ግን ጸና። «ምስጢሩ በሙሉ ሚዛን ነው።»

«አሁን ከወጣት ቡድኑ ጋር!» ሲል ፎቶ አንሺው ጮኸ፤ ቱታ የለበሱ ልጃገረዶች እየተሳሳቁ፣ እየተጋፉ መጡ። ሰልፉ ፈርሶ እንደገና ተሠራ። አሰልጣኙ የአንዷን ልጅ ክንድ ይዞ ክርኗን ወደ ጎኗ እየገፋ «እንዲህ፣ እንዲህ» ይላል።

ወጌሻዋ ጎንበስ አለች። ለማሸት ብላ የቆረጠችው ጥፍሯ አጭር ነው፤ ፕላስተር መንቀል ግን የዘወትር ሥራዋ ነው። የመግለጫውን ጥግ አነሣች፣ ቆዳ እንዳይጎዳ እንደምታደርገው ወደ ኋላ አጥፋ ሳበችው፣ ወረቀቱ ሳይቀደድ ወጣ። አራት ቦታ አጥፋ ከፋሻዎቹ ጋር ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«አንድ ጊዜ ደግሞ! ሁሉም ወደዚህ ይይ! ያቺ ዘንግ... ማን ነበር እዚያ የቆመው?»

«ልሸፍንልህ?» አለች ባለ ኮፍያዋ ሴት፤ ሮጣም ቦታውን ያዘች።

ወጌሻዋ በሕዝቡ ጀርባ በኩል ወደ በሩ ሄደች። ሰፊ ቦታ ስታገኝ ቀኝ ክርኗ ከጎኗ ተላቅቆ ወጣ፣ እጇ ደረቷን አቋርጦ ተመለሰ፣ እንደገና ወጣ። ዘበኛው ፎቶው ውስጥ ለመግባት አንገቱን አስግጎ ነበር፤ በሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ከፈተላት።